በገመድ የታሰርኩት እኔ ነኝ? ስለ ቤተሰብ ድምፅ ለመራጮች ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የመራጮች ትምህርት መምሪያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ አዲሱን የሥልጠና መመሪያ፣ የግድግዳ ሥዕሉን እና የአስተያየት መስጫ ቅጹን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት በየአካባቢው እየተዘዋወርን ለመራጮች ትምህርት በምንሰጥ አሠልጣኞች ስም ነው። አዲሱ መመሪያ ከደረሰን ጀምሮ ቅሬታችንን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ በስብሰባ አቅርበናል። ጽሑፎቹ «ታይቷል» የሚል ማኅተም ተመቶባቸው ተመለሱ፤ በስብሰባው ላይ «ሰዓት አልቋል» ተባልን። ነገሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሆንብን ወደ አደባባይ ከማውጣት ሌላ መንገድ አጣን።

መመሪያው «እንዴት እንወስናለን?» ይባል የነበረውን የሁለት ሰዓት ውይይት ሰርዞ በቦታው የሃያ ደቂቃ ገለጻ አስገብቷል። ገለጻው የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ቤተሰቡ ሲመርጥ የኖረውን ፓርቲ የሚመርጥ ሰው ገና ስላልነቃ መንቃት አለበት። አብሮት የተላከልን የግድግዳ ሥዕል ይህንኑ ሳይሸፋፍን ያሳያል። አንድ ሽማግሌ ወደ ድምፅ መስጫ ሳጥን ይራመዳሉ፤ ልጆቻቸው ወገባቸው በገመድ ተቀጣጥሎ ይከተሏቸዋል፤ የልጆቹ ዓይን በጨርቅ ታስሯል። ከሥር በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ድምፅዎ ውርስ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል።

ሥዕሉን በለጠፍኩበት የመጀመሪያ ቀን ከፊቱ የተቀመጡት እናት ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ ነበር። መነጽራቸውን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጽሑፉን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ከዚያም መነጽሩን አጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱት። ገለጻው እስኪያበቃ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሰው ሁሉ ሲወጣ ወደ እኔ ቀረብ ብለው «ልጄ፣ በገመድ የታሰርኩት እኔ ነኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን ነበራቸው። አባታቸው የፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ከባልደረቦቻቸው ጋር የደመወዝ ጥያቄ በማንሳታቸው ከሥራ ተባረሩ። የአንድ ፓርቲ ሰው የሆነ ጠበቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ክፍያ ተሟግቶ ወደ ሥራቸው መለሳቸው። አባት የፍርድ ቤቱን ወረቀት ይዘው የገቡበትን ማታ ሴትየዋ ዛሬም ያስታውሱታል፤ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱን ለእሳቸው ሰጥተው ሦስት ጊዜ አስነበቧቸው። ለአቅመ መራጭ ከደረሱ ጊዜ ጀምሮ ድምፃቸውን ለዚያ ፓርቲ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ከአንድ ጊዜ በስተቀር። ያን ጊዜ ፓርቲው ጡረተኞችን የሚጎዳ ሕግ ደግፎ ነበርና ቤታቸው ዋሉ። «ለሌላ ልስጥ ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ለእነሱ ልስጥ ብል ሆዴ እምቢ አለኝ» አሉኝ።

እኚህ እናት ዓይናቸው ታስሯል ብሎ የፈረደው ማን ነው? ለምን እንደሚመርጡ ያውቃሉ፣ መቼ እንደሚቀጡም ያውቃሉ፤ ሒሳቡን ከአባታቸው ተረክበው የራሳቸውን ዓመታት ጨምረውበታል። የምርጫ ተመራማሪዎች ይህን ካስተዋሉ ቆይተዋል። አሜሪካዊው ሞሪስ ፊዮሪና በ1981 የፓርቲ ታማኝነትን የገለጸው መራጩ በየጊዜው የሚጨምርበትና የሚቀንስበት የሒሳብ መዝገብ አድርጎ ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያም ቀደም ብሎ አንቶኒ ዳውንስ በ1957 አንድ ቀላል ነገር አስረድቶ ነበር። የአንድ ሰው ድምፅ ከሚሊዮኖች መካከል አንዱ ነው፤ እያንዳንዱን ሰነድ አንብቦ፣ እያንዳንዱን ዕጩ መርምሮ ለመወሰን ግን የሚፈጀው ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሰው በአቋራጭ ይሄዳል። የፓርቲ ስም አንዱ አቋራጭ ነው፤ የሚያምኑት ሰው ምክር ሌላው። ቤተሰብ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ላይ ይሰጣል። በአቋራጭ የሚሄድ ሰው መንገድ ጠፍቶታል ማለት አይቻልም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና የውርሱን ልክ በትክክል እንየው። በ1965 ኬንት ጄኒንግስ እና ሪቻርድ ኒሚ በመላው አሜሪካ 1,669 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመራቂ ተማሪዎችን እና ወላጆቻቸውን ለየብቻ ጠየቁ። ከተማሪዎቹ ከመቶ 59 ያህሉ ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ ጎራ ነበሩ። ወደ ተቃራኒው ፓርቲ የተሻገሩት ከመቶ 7 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ከወላጆቻቸው የተለዩት በአንዱ ፓርቲና በገለልተኝነት መካከል ነበር። መምሪያዎ ከዚህ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ቢያይ ሥዕሉን አጸደቀልን ሊል ይችላል። ጥናቱ ግን በዚያ አላበቃም። በተወሰኑ የፖሊሲ ጥያቄዎች ላይ የወላጆችና የልጆች አስተያየት መመሳሰሉ ከፓርቲው ይልቅ በጣም ደካማ ነበር፤ ልጆቹ የወረሱት ከሐሳቡ ይልቅ ስሙን ነው ማለት ነው። ስም ያለ ምክንያቱ ሲወረስ ጉዳት እንዳለው አልክድም። የዘበኛው ልጅ ምክንያቱንም አብረው ወርሰዋል፤ የልጅ ልጃቸው ግን ምናልባት ስሙን ብቻ ይዛ ይሆናል። ልዩነቱ የሚታወቀው ደግሞ ሰዎቹ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው። እናንተ የሰረዛችሁት ይህንን ንግግር ነው።

በዚሁ ላይ በ2015 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ከልጆች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት የወላጆቻቸውን የፓርቲ ወገን ወይ በትክክል እንደማያውቁት፣ ወይ ደግሞ እያወቁ እንደማይከተሉት አሳይቷል። ገመዱ ሥዕሉ ላይ እንደተሳለው አልጠበቀም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ፖለቲካ አብዝቶ ከሚነገርባቸው ቤቶች ስለሚወጡ ልጆች በሌላ ጥናት የተገኘው ነው። ልጆቹ በልጅነታቸው የወላጆቻቸውን ወገን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ከቤት ወጥተው ለራሳቸው መኖር ሲጀምሩ ግን ከሌሎቹ ይልቅ እነሱ የመለየታቸው ዕድል ይበልጣል። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ መወያየት ለምደዋልና በሄዱበት ሁሉ መወያየታቸውን ይቀጥላሉ፤ አዲስ ነገር ይሰማሉ፤ የሰሙትን ከአባታቸው ቃል ጋር ያስተያያሉ። ሰውን የሚያስመረምረው ውይይት ነው። ሁለት ሰዓቱ ስለ በዛ ሃያ ደቂቃ ይበቃል ያለው ሰው ይህን ቢያስብበት ኖሮ እጁን ይሰበስብ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የቤተሰብ ድምፅ ምን ያህል ሥር እንደሚሰድና በምን እንደሚነቀል ለማየት አየርላንድን እጠቅሳለሁ። በ1921 ከብሪታንያ ጋር የተፈረመው ስምምነት ሕዝቡን በደጋፊና በተቃዋሚ ለሁለት ከፍሎ በ1922 እና በ1923 ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። ስምምነቱን ከተቃወሙት ወገን ፊያና ፎል በ1926፣ ከደጋፊዎቹ ወገን ደግሞ ፊነ ጌል በ1933 ተመሠረቱ። የሁለቱ ፖሊሲ እየተቀራረበ ከሄደ በኋላ እንኳ ብዙ ቤተሰብ አያቱ በተሰለፈበት ጎን ድምፅ መስጠቱን ቀጠለ። ሁለቱ ፓርቲዎች በአንድ መንግሥት ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡት በ2020 ነው፤ ሊደፍን ጥቂት የቀረው መቶ ዓመት አልፎ። ሆኖም ይህ ሁሉ ታማኝነት በመካከሉ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሰንጥቋል። ፊያና ፎል በ2007 ምርጫ ከመቶ 41.6 ድምፅ አግኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባንኮች ወደቁ፣ አገሪቱ በ2010 ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የማዳኛ ብድር ለመውሰድ ተገደደች፣ በ2011 የፓርቲው ድምፅ ወደ 17.4 ወረደ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱትን ትተው የሄዱ ብዙዎች ነበሩ። ማንም የግድግዳ ሥዕል አላሳያቸውም። ሒሳቡን አይተው ነው የሄዱት።

ውርሱ ደም ያፋሰሰበትም ቦታ አለና እሱንም አልሸሽግም። በኮሎምቢያ ሰው የሊበራል ወይም የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ሆኖ ይወለድ ነበር፤ የሊበራሎቹ መሪ ሆርሄ ኤሊሴር ጋይታን በ1948 ከተገደለ በኋላ በተባባሰው እልቂት የቤተሰብ ፓርቲ ብቻውን ለመገደል በቂ ምክንያት ሆኖ ነበር። ስለዚህ «ተዉት፣ ምን አገባችሁ» እያልኩ አይደለም። የወረሰውን የሚመረምር መራጭ እንድናፈራ እኛም እንመኛለን፤ ለዚህም ነው ደመወዛችንና ጊዜያችን። ነገር ግን ሰውን አባቱን በመስደብ አስጀምረን የአባቱን ምርጫ እንዲመረምር ማድረግ አንችልም። የተሰደበ ሰው ወይ ይከላከላል፣ ወይ ይወጣል። በእኔ ክፍል በሁለተኛው ቀን ከሃያ ስምንቱ ተሳታፊዎች ስድስቱ አልተመለሱም። ሁሉም ከአርባ ዓመት በላይ የሆኑ ነበሩ።

ይህ ንቀት አዲስ አይደለም፤ ያስከፋኝም ለዚህ ነው። ሴቶች የመምረጥ መብት ሲጠይቁ በየአገሩ ከተደረደሩት ሰበቦች አንዱ «ሚስት የባሏን ድምፅ ከመድገም በቀር ምን ታደርጋለች?» የሚል ነበር። ኒውዚላንድ በ1893 መብቱን ሰጠች፤ ስዊዘርላንድ በፌዴራል ምርጫ እስክትሰጥ ድረስ 1971 ደረሰ። ድምፁ ከሌላ ሰው ድምፅ ጋር ስለሚመሳሰል የዚያ ሰው ድምፅ እንደ ድምፅ አይቆጠርም የሚል ሐሳብ መብትን ምን ያህል ሊያዘገይ እንደሚችል ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከሥዕሉም የከፋ ነው። ከሥልጠናው በኋላ የምናስሞላው ቅጽ ከላይ ሙሉ ስም፣ ከታች ፊርማ ይጠይቃል። በመካከሉ ሰባተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ከሥልጠናው በፊት ሊመርጡ ያሰቡትን ፓርቲ ለመለወጥ ወስነዋል?» አጠገቡ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው የድምፅ ምስጢር ለምን እንደተፈጠረ አስቦበት ይሆን? የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ በ1856፣ ብሪታንያ በ1872 ምስጢራዊውን የድምፅ ወረቀት እስኪያስገቡ ድረስ መራጭ ባለ መሬቱና አሠሪው ፊት ቆሞ የመረጠውን ይናገር ነበር። ድምፁን ከእነዚህ ሰዎች ዓይን ለማስጣል ስንት ትግል ተደርጓል። እኛ ደግሞ በስምና በፊርማ መልሰን ጠየቅነው።

ቅጹ የአሠልጣኝ መመዘኛ መሆኑ ደግሞ ሌላ መዘዝ አመጣ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከሠላሳ አንድ ተሳታፊዎቿ «አዎ» ያሉት ሁለት ብቻ በመሆናቸው ተጠርታ «ውጤትሽ ለምን ዝቅ አለ?» ተብላለች። ውጤት? የመራጮች ትምህርት ሰው ሐሳቡን እንዲለውጥ ማድረግ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? የተለወጠ ድምፅ ከአንድ ፓርቲ ተነሥቶ ሌላ ፓርቲ ዘንድ ይደርሳል፤ ገለልተኛ ነኝ የሚል መሥሪያ ቤት ያንን ጉዞ እንደ ስኬት ሲቆጥር፣ ነባር ደጋፊ ያላቸው ፓርቲዎች «ያነጣጠራችሁት እኛ ላይ ነው» ቢሉን ምን ብለን እንመልሳለን? ሐሳቡን መርምሮ በቀድሞው የጸናም ተምሯል። የጡረታው ሕግ ሲወጣ ቤታቸው የዋሉትን እናት ቅጹ የሚያስቀምጣቸው «አይ» ከሚለው ሳጥን ውስጥ ነው።

ደግሞም መልሱ እውነት አይሆንም። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እኔ ፊታቸው ቆሜ፣ ለሁለት ቀን ደክሜላቸው፣ ስማቸውን ጽፈው «አልተለወጥኩም» ማለት ለብዙዎች ከባድ ነው። የሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚጫን የሚያሳይ ትልቅ ሙከራ በ2006 በአሜሪካዋ ሚቺጋን ግዛት ተደርጓል፤ ወደ 180,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ተካተውበታል። ምንም ደብዳቤ ካልደረሳቸው ሰዎች ድምፅ የሰጡት ከመቶ 29.7 ነበሩ። የእነሱና የጎረቤቶቻቸው ድምፅ የመስጠት ታሪክ ተዘርዝሮ፣ ከምርጫው በኋላም እንደገና እንደሚላክ ተገልጾ ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ግን 37.8 ወጥተው መረጡ። አንድ ወረቀት ይህን ያህል ከሠራ፣ ፊት ለፊት የቆመ አሠልጣኝ ምን እንደሚሠራ መገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛውን ቅሬታ የማቀርበው ባለፈው ምርጫ ከሠለጠኑት ወጣቶች በአንዱ ታሪክ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መምረጡ ነበር። የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መጋረጃው ሲገባ አባቱ ተከትለውት ገቡ። አስፈጻሚዋ አየች። «ቤተሰብ ናቸው» ብላ ወደ ቀጣዩ ተሰላፊ ዞረች። አባት ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ አሳርፈው «እዚህ ጋ» አሉት፤ ልጁም እዚያ ጋ ምልክት አደረገ። ከሳምንት በኋላ ሲነግረኝ ያለቀሰበትን ምክንያት መጀመሪያ በስህተት ተረድቼው ነበር። የሌላ ፓርቲ ደጋፊ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። «አይደለም» አለኝ። «እኔም የምመርጠው እሱኑ ነበር። ግን ራሴ ልመርጠው ፈልጌ ነበር።»

የምርጫ ታዛቢዎች «የቤተሰብ ድምፅ አሰጣጥ» ብለው በየአገሩ በሪፖርታቸው የሚመዘግቡት ጥፋት ይህ ነው፦ ከአንድ በላይ ሰው ከመጋረጃው ጀርባ አብሮ መግባት። የቀድሞው መመሪያ ስለዚህ አንድ ሙሉ ገጽ ነበረው፤ አስፈጻሚ ምን እንደሚል፣ የእውነት ድጋፍ የሚያስፈልገው ማየት የተሳነው መራጭ በምን ሥርዓት እንደሚረዳ፣ አንዲት ሴት ከባሏ ተለይታ እንድትገባ እንዴት እንደሚደረግ በዝርዝር ያስረዳ ነበር። አዲሱ መመሪያ ገጹን አውጥቶታል። በልብ ያለውን ውርስ ለማባረር ቀይ ቀለም ሲፈስ፣ በመጋረጃው ውስጥ የገባው ጣት ተረሳ። የመምሪያው ሥልጣን የሚደርሰው እስከ መጋረጃው ነበር፤ የተዘነጋው ደግሞ እሱ ነው።

ጊዜውን በሚመለከት ብዙ አልልም። የሥልጠና ጽሑፎች የሚደርሱን ድምፅ ከመሰጠቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ነው። የሃያና የሠላሳ ዓመት ታማኝነት በሁለት ሳምንት አይመረመርም።

በመሆኑም የሚከተለውን እንጠይቃለን። የግድግዳ ሥዕሉ ከሁሉም የሥልጠና ቦታዎች ይነሣ። ሰባተኛው ጥያቄ ከቅጹ ይሰረዝ፤ እስካሁን በስምና በፊርማ የተሞሉት ቅጾች አሠልጣኞችና የተሳታፊዎች ተወካዮች ባሉበት ይወገዱ፤ በዚህ ጥያቄ ምክንያት ዝቅተኛ ነጥብ የተሰጣቸው አሠልጣኞች ምዘናም ይታረም። «እንዴት እንወስናለን?» የተባለው ውይይት በሁለት ሰዓቱ ይመለስ፤ ከተቻለ አረጋውያንና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጡ ወጣቶች በአንድ ክፍል የሚቀመጡበት መልክ ይያዝ፤ አያትና የልጅ ልጅ አንዱ ለሌላው ምክንያቱን ቢነግር ከእኛ ገለጻ ይልቅ ይጠቅማቸዋል። ስለ መጋረጃው የሚናገረው ገጽ ተመልሶ ለአስፈጻሚዎች ሁሉ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት በተግባር ይሠልጠን። የሚቀጥለው መመሪያ ሲረቀቅ ከመራጩ ጋር በየቀኑ የምንገናኝ አሠልጣኞች እንድንሳተፍ ይደረግ። ለእነዚህ ጥያቄዎች የመራጮች ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ለእኔ የተላከልኝን ሥዕል ከግድግዳ አውርጄዋለሁ። ይህን ያደረግሁት በራሴ ውሳኔ ስለሆነ ኃላፊነቱን ብቻዬን እወስዳለሁ። ሥዕሉ ሳይቀደድ ተጠቅልሎ በእጄ ይገኛል፤ ለማን እንደማስረክበው ይገለጽልኝ።

ከአክብሮት ጋር

የመራጮች ትምህርት አሠልጣኝ፣
ስለ ባልደረቦቿም